ብይን ማቆያ ጊዜ

ከመርሳ፣ ከግራና ወይም ከውርጌሳ ተነሥቶ ልቡን ለመታከም ባሕር የተሻገረ፣ ወይም በስደት አገር ሳለ ታክሞ ወደ ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ የተመለሰ ሰው ይዞት በሚመጣው የሆስፒታል ወረቀት ላይ «ብላንኪንግ ፒሪየድ» የሚል ሐረግ ሊያገኝ ይችላል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እንዲያነብ የሚጠራው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰው ልጅ ነው። ልጁም ቃል በቃል «ባዶ ጊዜ» ብሎ ይተረጉመዋል። ባዶ ምን እንደሆነ ግን ለሰሚው አይገባም።

ሐረጉ የመጣው ካቴተር አብሌሽን ከሚባለው የልብ ምት ሕክምና ነው። ጤነኛ ልብ በራሱ ኤሌክትሪክ፣ በዕረፍት ላይ ሳለ፣ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የምት መዛባት ሲነሣ የላይኞቹ ሁለት የልብ ክፍሎች በወጉ መኮማተራቸውን ትተው ይርገበገባሉ። ምቱ ይፈጥናል፤ ወጥነቱንም ያጣል። ሕመምተኛው «ልቤ ድው ድው ይልብኛል» ይላል፤ ይደክመዋል፣ ዳገት ያቅተዋል። በማይኮማተረው ክፍል ውስጥ የቆመ ደም ከረጋ ደግሞ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ሚሼል ሃይሳገርና ባልደረቦቹ፣ ፈረንሳይ አገር ቦርዶ ላይ፣ ይህን ሁከት የሚቀሰቅሰው ምልክት በአብዛኛው የሚነሣው ከሳንባ ወደ ልብ ደም ከሚመልሱት ሥሮች ውስጥ መሆኑን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች በብሽሽት ባለው ትልቅ የደም ሥር በኩል ቀጫጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልብ ይዘልቃሉ፤ በነዚያ ሥሮች አፍ ዙሪያ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ጠባሳ ይሠራሉ። ጠባሳ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የተዛባው ምልክት እዚያው ታግዶ ይቀራል።

አብሌሽንን ራሱን በአማርኛ ምን እንበለው? «መተኮስ» ለሥራው ይቀርባል፤ በጋለ ብረት ቁስል መተኮስን ሽማግሌዎች ያውቁታል። ሆኖም ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ለነበረችው ወልድያ «ልቡን ተኮሱት» የሚል ዜና መንገር ደግ አይሆንም። «በካቴተር ጠባሳ መሥራት» ረዘም ቢልም ማንንም አያስደነግጥም።

ወደ ዋናው ሐረግ እንመለስ። ጠባሳው በተሠራበት ቀን የልብ ሥጋ ይቆጣል፣ ያብጣል። ዙሪያውን ያሉት የነርቭ ጫፎችም ይረበሻሉ። እብጠቱ እስኪቀንስና ጠባሳው እስኪጠነክር ድረስ የቆየው የምት መዛባት ሊመለስ፣ አንዳንዴም ከበፊቱ ብሶ ሊታይ ይችላል። በእነዚህ ሳምንታት ምታቸው ከተዛባባቸው ሰዎች በግምት ግማሽ ያህሉ ኋላ ላይ ደህና ይሆናሉ። ስለዚህ ሐኪሞች ሕክምናው ሠርቷል ወይስ ከሽፏል ብለው ሲመዝኑ በዚህ ወቅት የታየውን መዛባት አይቆጥሩትም። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ይህ ወቅት 3 ወር ነበር። በ2024 የአውሮፓ፣ የአሜሪካ፣ የእስያ ፓሲፊክና የላቲን አሜሪካ የልብ ምት ሐኪሞች ማኅበራት በጋራ ባወጡት ስምምነት ወደ 8 ሳምንት ዝቅ አደረጉት፤ በሦስተኛው ወር የሚመለስ መዛባት ከእብጠት የመጣ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጥል ሆኖ ስለተገኘ ነው። 8 ሳምንት ለእኛ ሰው እንግዳ ልክ አይደለም፤ ከዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ብቻ ይበልጣል።

ከባንክ የተበደረ ሰው «የእፎይታ ጊዜ» የሚለውን ያውቃል። ዕዳው አለ፤ መክፈሉ ግን ገና ነው። ለብላንኪንግ ፒሪየድም ይህ ቃል ቀድሞ አፍ ላይ ይመጣል። እኔ ግን አልቀበለውም። እፎይ ያለ ሰው ይዘናጋል፤ ከዚህ ሕክምና በኋላ የሚመጡት ከባድ ጉዳቶች ደግሞ ብዙዎቹ የሚከሰቱት በእነዚሁ ሳምንታት ውስጥ ነው። የተሻለው «ብይን ማቆያ ጊዜ» ነው። ፍርድ ቤት የዋለ ሁሉ እንደሚያውቀው ብይን እስኪሰጥ ድረስ መዝገቡ አይዘጋም፤ ምስክርም ይሰማል፣ ማስረጃም ይቀርባል። እዚህም ብይኑ የሚቆየው በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ነው፦ የልብ ምት መዛባቱ ለቋል ወይስ አልለቀቀም? ትኩሳት፣ የመዋጥ ሕመም፣ የደረት ጥበት፣ የአንድ ወገን መዛል ግን ቀጠሮ የላቸውም፤ በዚያው ቀን ይታያሉ።

ሰውን የሚያሳስት አንድ ታሪክ አለ። የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቶኒ ብሌር መስከረም 21 ቀን 1997 ዓ.ም. ለንደን፣ ሐመርስሚዝ ሆስፒታል ካቴተር አብሌሽን ተደረገላቸው። ሳምንት ሳይሞላቸው ካርቱም ወርደው፣ ከዚያ ለአፍሪካ ኮሚሽን ስብሰባ አዲስ አበባ መጡ። ታካሚ ይህን ሲሰማ «እሳቸው በሳምንቱ አህጉር ከተሻገሩ እኔ ከወልድያ ደሴ ብመላለስ ምን አለው» ይላል። የብሌር በረራ የሚያሳየው የብሽሽት ቁስል ቶሎ እንደሚድን ነው። ልብ ውስጥ ያለው ጠባሳ የራሱ ጊዜ አለው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ተከትሎ የሚጓዝ ሐኪም አይጠፋም።

አሁን ዋናውን አደጋ ልንገር። የልብ የኋላ ግድግዳና ጉሮሮን ከጨጓራ የሚያገናኘው የምግብ ቧንቧ ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። በልብ በኩል የተሰጠው ሙቀት አልፎ አልፎ ቧንቧውን ያቆስለዋል። ቁስሉ ቀስ እያለ ጠልቆ በሁለቱ መካከል ቀዳዳ ይከፍታል። ይህ የሚደርሰው ከሺህ ታካሚ በአንዱ ወይም ከዚያም ባነሰ ነው፤ የደረሰበት ሰው ግን ፈጥኖ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ አይተርፍም ማለት ይቻላል። የሚገለጠውም ሰውየው «ድኛለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ከ1 ሳምንት እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ ነው። መጀመሪያ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ሲውጡ ማመም፣ የደረት ሕመም ይመጣል። ቀጥሎ አየር ወይም የምግብ ፍርፋሪ በደም ወደ አንጎል ሲሄድ የአፍ መጣመም፣ የእጅ መዛል፣ ራስን መሳት ይከተላል።

እንግዲህ ይህ ሰው መርሳ ላይ ትኩሳት ያዘው እንበል። የሀብሩ ቆላ ወባ የሚያውቀው አገር ነው። ጎረቤቱ «ወባ ነው»፣ ሌላው «ታይፎይድ ነው» ይላል፤ የጤና ባለሙያውም መጀመሪያ እነዚህን ቢያስብ አይፈረድበትም። ሲውጥ ካመመው ደግሞ «ጨጓራ ነው» ተብሎ በአፍ በሚገባ ካሜራ እንዲታይ ሊላክ ይችላል። ይህኛው የከፋ ነው። ኢንዶስኮፒ የሚባለው ይህ የካሜራ ምርመራ ቧንቧውን በአየር ይነፋዋል፤ ቀዳዳ ካለ አየሩ ቀጥታ ወደ ልብ፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይገባል። ትክክለኛው ምርመራ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶ የሚነሣ የደረት ሲቲ ስካን ነው። ስለዚህ ታካሚው በሩን አልፎ ሲገባ ከትኩሳቱ በፊት «ልቤ ውስጥ በካቴተር ጠባሳ ተሠርቶልኛል፤ ብይን ማቆያ ጊዜ ውስጥ ነኝ» ይበል። ራሱን ስቶ ከደረሰ የሚናገርለት ሰው ስለሚያስፈልገው ሚስቱም ልጆቹም ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ይያዙለት። የወባ ምርመራ አይቅር፤ ወባ ቢገኝ እንኳ ሌላው ጥርጣሬ አብሮ አይሰረዝም።

በቅርብ ዓመታት ጠባሳውን በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ሳይሆን በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምት የሚሠራ ዘዴ መጥቷል። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ17 ሺህ በላይ በዚህ ዘዴ የታከሙ ሰዎች መዝገብ ሲታይ ይህ የቧንቧ ቀዳዳ አንድም አልተገኘም። በወረቀቱ ላይ ጠባሳው በየትኛው ዘዴ እንደተሠራ መጻፉን ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሌሎቹን ጉዳቶች ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ቱቦው በገባበት ብሽሽት ላይ መበለዝና ትንሽ እብጠት የተለመደ ነው፤ እያደገ የሚሄድ፣ ከልብ ጋር እኩል የሚመታ እብጠት ግን የደም ሥር ጉዳት ሊሆን ስለሚችል በአልትራሳውንድ ይታያል። በመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነገር ማንሣትም ሆነ ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ አይመከርም። ውሃ የተሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ለሳምንት ሌላ ሰው ይቅዳ። ደም ሲፈስ ከተገኘ መጋደምና ቦታውን በእጅ አጥብቆ መጫን ነው፤ ካላቆመ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ከ100 ታካሚ በ1 ገደማ የሚሆነው ላይ በልብ ዙሪያ ባለው ከረጢት ውስጥ ደም ይጠራቀምና ልብን ይጨምቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ በሕክምናው ወቅት ወይም በዚያው ቀን ታውቆ በመርፌ ይቀዳል። ታካሚው ጥቂት ቀን ጨምሮ ይተኛል። ከወጣም በኋላ ሲተነፍስና ሲጋደም የሚወጋው፣ ወደ ፊት ዘንበል ሲል የሚቀለው ሕመም ለቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ይህ የከረጢቱ መቆጣት ስለሆነ በመድኃኒት ይበርዳል። ዲያፍራም የሚባለውን የመተንፈሻ ጡንቻ የሚያዝዘው ነርቭ የተነካበት ሰው ደግሞ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ይህ ፈጥኖ ይታወቀዋል። አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ይመለሳሉ።

አንዱ ጉዳት ብቻ ከብይን ማቆያው ጊዜ በኋላ ይመጣል። ጠባሳው የሳንባ ሥሮቹን አፍ ካጠበበው ከወራት በኋላ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ደም የቀላቀለ አክታ ይታያል። በእኛ አገር ደም የቀላቀለ አክታ ወዲያው ሳንባ ነቀርሳ ያሰኛል። የአክታ ምርመራው ነጻ ሆኖ ሳሉ ካላቆመ ያው ወረቀት እንደገና ይውጣ።

መድኃኒት ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ምቱ ቢስተካከልም ባይስተካከልም ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት ቢያንስ ለ8 ሳምንት አይቋረጥም፤ አዲስ የቆሰለ የልብ ግድግዳ ደም ይረጋበታልና። ሪቫሮክሳባን የታዘዘለት ሰው 20 ሚሊ ግራሙን የሚወስደው ከምግብ ጋር ነው፤ በባዶ ሆድ በበቂ መጠን ወደ ደም አይገባም። በረመዳን ከኢፍጣር ጋር፣ በዐቢይ ጾም ከማታው ራት ጋር ይወሰዳል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ የታዘዘለት ሰው ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ አንዱን አይዝለል። ዋርፋሪን የሚወስደው ደግሞ በጾም ወራት ጎመን በድንገት ሲያበዛ የደሙ ልክ ይቀየራል። ጎመን አይከለከልም፤ ዓመቱን ሙሉ በልክ መብላት ነው። የ8 ሳምንቱን መድኃኒት ከታከሙበት አገር ቆጥሮ ይዞ መምጣት ደግሞ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል።

ጫትስ? ወሎ ውስጥ ታካሚ ሊጠየቅ የመጣ ሁሉ ዱዓ አድርጎ፣ «አብሽር» ብሎ፣ ጫትና ቡና ቀርቦ ይጫወታል። መጠየቁ ደግ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን የልብ ምትና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ቢያንስ በእነዚህ ሳምንታት ታካሚው ዱዓውን ተቀብሎ ጫቱን ይለፈው። መጠነኛ ቡና ያን ያህል አያስፈራም።

ምቱን ራሱ ለመከታተል ሁለት ጣት በአውራ ጣት ሥር፣ አንጓው ላይ ማኖር ይበቃል። ከአብሌሽን በኋላ የዕረፍት ምት በደቂቃ 10 ያህል ከፍ ብሎ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ነርቮቹ በመነካታቸው ነው። በዚህ ልክ ፈጠን ያለ ግን ወጥ የሆነ ምት አያስደነግጥም። የተዘበራረቀ ከሆነ ሰዓቱንና የቆየበትን ጊዜ መጻፍ፣ ከቻሉም በቅርብ ጤና ተቋም ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ማስነሣት ነው። ብይኑ ቢቆይም ማስረጃው ይያዛል። ትንፋሽ ካሳጠረ፣ ካዞረ ወይም ደረትን ከወጋ ግን ሳምንቱ ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር ቀርቶ መታከም ነው።

ይህን ያነበበ የልብ ሕመምተኛ ሁሉ «እኔም ጠባሳ ይሠራልኝ» እንዳይል አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን የኤትሪያል ፊብሪሌሽን አንዱ ትልቅ ምንጭ በልጅነት የጉሮሮ ቁስለት የሚጀምረውና የልብ በሮችን የሚያጠብበው የሩማቲክ ልብ ሕመም ነው። የጠበበ በር እያለ ጠባሳ ቢሠራ መዛባቱ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለበሩ ነው። ለእነዚህ ሕመምተኞች ደግሞ ከአዲሶቹ የደም ማቅጠኛዎች አንዱ ከሆነው ከሪቫሮክሳባን ይልቅ ነባሩ ዋርፋሪን እንደሚሻል እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ትልቅ ጥናት አሳይቷል።

8ኛው ሳምንት ሲያልቅ ቀጠሮው ይደርሳል። ኢሲጂ ይነሣል፤ የሚቻል ከሆነም 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ በደረት ላይ የሚታሰር መቅረጫ ይደረጋል። ከዚህ ቀን ወዲህ ከ30 ሰከንድ በላይ የሚቆይ መዛባት ይቆጠራል፤ መድኃኒት መቀየር ወይም ለሁለተኛ ጊዜ ጠባሳ መሥራት የሚታሰበው ያኔ ነው። ምቱ ተስተካክሎ ቢገኝ እንኳ የደም ማቅጠኛው በራስ ፈቃድ አይቆምም፤ መቀጠል አለመቀጠሉን የሚወስኑት እንደ ዕድሜ፣ ደም ግፊት፣ ስኳርና ቀድሞ የደረሰ ስትሮክ ያሉ ነገሮች ናቸው።