የእንግዴ ልጅ ሽፋን የቁስል ሕዋሳትን ያነሳሳል ወይስ ይገራል?

የእንግዴ ልጅ ሽፋን ለቁስል መዋሉ አዲስ ነገር አይደለም። ጆን ስቴጅ ዴቪስ በ1910 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለቆዳ ንቅለ ተከላ መሞከሩን ጽፏል፤ በ1913 ሳቤላና ስተርን ለቃጠሎ ተጠቅመውበታል፤ የዓይን ሐኪሞችም ከ1940 ጀምሮ ያውቁታል። በዚህ ላይ ክርክር የለም። የሚያከራክረው ሽፋኑ የቁስል ሕዋሳትን ምን እንደሚያደርጋቸው ነው።

የተለመደው መልስ በአብዛኛው የተወረሰው ከኩብና ባልደረቦቹ የ2013 ጥናት ነው። የደረቀውን የአምኒዮንና የኮሪዮን ሽፋን ዘፍዝፈው የወጣውን ፈሳሽ ሲመረምሩ ፒዲጂኤፍን፣ ኢጂኤፍን፣ ቪኢጂኤፍን፣ ቲጂኤፍ-ቤታ 1ንና ሌሎች የእድገት ፋክተሮችን አገኙ። ፈሳሹ በላብራቶሪ የሚያድጉ የሰው ቆዳ ፋይብሮብላስቶችን አባዛ፤ ግንድ ሕዋሳትንም ሳበ። ከዚያ ወዲህ ሽፋኑ የእድገት ፋክተር ጎተራ ተደርጎ ይነገራል። አጥኚዎቹ ከምርቱ አምራች ጋር የተሳሰሩ መሆናቸው ውጤቱን ሐሰት አያደርገውም፤ ዝርዝሩ ማስታወቂያ ላይ ለምን እንደሚያምር ግን ያስረዳል።

ችግሩ ያለው እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነው። ሃሰንና ባልደረቦቹ በ1997 እንዳሳዩት፣ በደም ሥር ችግር ከመጣ የእግር ቁስል የተወሰዱ ፋይብሮብላስቶች ለቲጂኤፍ-ቤታ 1 ምላሽ አይሰጡም። ቁስሉን መሸፈን ያለበት ኬራቲኖሳይት ደግሞ ምላሽ ይሰጣል፤ ምላሹ ግን መባዛቱን ማቆም ነው። ታዲያ ይህ ፋክተር በሀብትነት የተቆጠረው ለየትኛው ሕዋስ ነው? ፒዲጂኤፍም ለብቻው በቅባት መልክ ተሞክሯል፦ በ1998 በታተመው የዊማን ጥናት በ20 ሳምንት ውስጥ ሙሉ በሙሉ የዳኑት 50 በመቶ ሲሆኑ፣ መድኃኒት አልባ ቅባት ከተሰጣቸው 35 በመቶ ድነዋል። ጥቅም አለው፤ ተአምር ግን አይደለም።

ስለ ቁስል የሚጽፉ ሰዎች ቸል ያሉት የሴንግ፣ የሊና የማ የ1999 ጥናት ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች ከዓይን ብሌን የተወሰዱ ፋይብሮብላስቶችን ከፊሉን በፕላስቲክ ሳህን፣ ከፊሉን በአምኒዮን ላይ አሳደጉ። በአምኒዮኑ ላይ ያደጉት ቲጂኤፍ-ቤታንም ተቀባዩንም የሚያመርቱበት መጠን ወረደ፤ ጠባሳ ወደሚያኮማትር ማዮፋይብሮብላስት መለወጣቸውም ተገታ። እዚህ ላይ ሽፋኑ ሕዋሱን አልቀሰቀሰውም፤ ገራው እንጂ። የሴንግ ቡድን ኋላ ላይ ከሽፋኑ የለየው ኤችሲ-ኤችኤ/ፒቲኤክስ3 የተባለ ውህድም ተመሳሳይ ጠባይ አለው።

«የዓይን ሕዋስ የእግር ቆዳ አይደለም» የሚል ይኖራል። መልሱን አልካራዝና ባልደረቦቹ በ2015 ሰጥተዋል፦ አምኒዮን ቲጂኤፍ-ቤታ በቆዳ ኬራቲኖሳይቶች ላይ የሚጭነውን የጂን ትእዛዝ ቀይሮ እንዲባዙና እንዲጓዙ ያደርጋል። «በሕሙማን ላይ የተገኘው ውጤትስ?» ለሚለው፣ በዘለንና ባልደረቦቹ የ2013 ሙከራ በ6 ሳምንት ውስጥ የደረቀው ሽፋን ከተደረገላቸው 92 በመቶ፣ በመደበኛ ሕክምና ከታከሙት 8 በመቶ ድነዋል። ሕሙማኑ 25 ብቻ ነበሩ፤ ደግሞስ መዳናቸው በምን እንደዳኑ አይነግረንም።

እርግጥ የደረቀ ሽፋንና በቅዝቃዜ የተጠበቀ ሽፋን አንድ አይደሉም፤ ድምዳሜያችንም በዚህ ልክ በጥንቃቄ ይወሰድ። ሆኖም የፋክተሮች ዝርዝር የይዘት መግለጫ እንጂ የአሠራር ማብራሪያ አይደለም። ቀጣዩ አጥኚ ሽፋኑ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ትቶ ከስኳር ሕሙማን የቁስል ዳር ናሙና ይውሰድ፤ ሽፋኑ ከመደረጉ በፊትና በኋላ የቲጂኤፍ-ቤታን ምልክት ይለካ። እስከዚያው ድረስ የኩብን ሰንጠረዥ የፈውስ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ ይብቃ።