የፍቅር ታሪክ በሥዕል ወይስ በጽሑፍ? ምርጫችንን የሚወስነው ‘የአማማር ስልት’ ነው?

የካልጋሪዋ ሠዓሊ ፊዮና ስቴፕልስ ከጸሐፊው ብራያን ኬ. ቮን ጋር የሠራችው ‘ሳጋ’ የተሰኘ ኮሚክ መታተም የጀመረው እአአ በ2012 ነው። ታሪኩ በጦርነት ከሚፈላለጉ ሁለት ወገኖች የተገኙት አላና እና ማርኮ ተፋቅረው፣ ልጅ ወልደው ሲሰደዱ ያሳያል። የሚለያያቸውን ለማወቅ አንባቢ ብዙ ቃል አያስፈልገውም፤ እሷ ክንፍ፣ እሱ ቀንድ አለው።

በ1958 ዓ.ም ለንባብ የበቃው የሐዲስ ዓለማየሁ ‘ፍቅር እስከ መቃብር’ም የማይፈቀድ ፍቅርን ይተርካል። የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ከመምህሯ ከበዛብህ የሚለያት አጥር ግን በገጽታ አይታይም። ደራሲው በወላጆች ኩራት፣ በልማድና በንግግር ቀስ በቀስ ይገነባዋል።

ከሁለቱ አቀራረቦች አንዱን የሚመርጡ ብዙዎች “እኔ በማየት ነው የሚገባኝ” ሲሉ ይደመጣል። ሰዎችን በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ ወይም በተግባር የሚማሩ ብሎ የሚከፍለውና ኒውዚላንዳዊው ኒል ፍሌሚንግ እአአ በ1992 ያስተዋወቀው መጠይቅ ለዚህ አስተሳሰብ መስፋፋት አስተዋጽኦ አድርጓል።

ይሁን እንጂ ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ በ2008 ያሳተሙት የጥናቶች ግምገማ፣ ትምህርትን ከተማሪው ‘ስልት’ ጋር ማዛመድ ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ግምገማው የመዘነው ትምህርትን እንጂ የንባብን ደስታ አይደለም። ሰዎች ምርጫ እንዳላቸውም አልካደም። ምርጫ ግን የችሎታ ወሰን አይደለም።

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለን ፔቪዮ አእምሮ ቃልንና ምስልን በሁለት ተደጋጋፊ መንገዶች እንደሚይዝ አስረድቷል። ይህም ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ የተሰጠ ጸጋ አይደለም። ኮሚክ አንባቢ በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በራሱ ሐሳብ ይሞላል፤ የልብ ወለድ አንባቢ ደግሞ መልክንና ድምፅን ራሱ ይፈጥራል። ሁለቱም በልምምድ የሚዳብሩ ክህሎቶች ናቸው።

ታሪክን በተከታታይ ሥዕል ማንበብ ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በትናንሽ ሣጥኖች ተከፋፍሎ፣ ከሥሩ የአማርኛ መግለጫ ተጽፎበት በሸራ ላይ ሲሣል ኖሯል። ጨው የበዛበት ግብዣ፣ የሌሊቱ ጥምና ውሃው በየተራ ይታያሉ።

ጉዳዩ በካልጋሪም ሆነ በሌላ የውጭ ከተማ ልጆች ለሚያሳድጉ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ትርጉም አለው። የእንግሊዝኛ ኮሚክ በደስታ የምታነብ ታዳጊ የአማርኛ ልብ ወለድ ገልጣ ብትተወው፣ “የእሷ ነገር ሥዕል ብቻ ነው” ብሎ መደምደም ያሳስታል። የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ያለ ችግር የምታነብ ከሆነ፣ እንቅፋቱ የፊደል ንባብ ፍጥነት ወይም የቃላት እጥረት ሊሆን ይችላል። ይህ ደግሞ በልምምድ የሚቃለል ነው።

‘ፍቅር እስከ መቃብር’ ራሱ በብዙዎች ልብ የገባው በጆሮ ነው፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮታል። ትረካውን እየሰሙ መጽሐፉን በዐይን መከተል ለጀማሪ አንባቢ አንድ መንገድ ነው። ኮሚኩንም መንጠቅ አያስፈልግም።