ያልተጻፈውን የሚያነብ ድምፅ፦ የልብ ወለድ ትረካ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አድማጭ ጆሮ

ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ሌሎች ደራስያን የማያደርጉትን አደረጉ፤ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አኖሩ። የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ይሰማል» የሚል ቃል ገጹ ላይ ሲቀመጥ ሰውየው ይሰማል ማለት ይሁን ነገሩ ይሰማል ማለት፣ የሚለየው አንባቢው ነው። ሀዲስ ይህን ለአንባቢ ግምት አልተዉትም። ልማዳቸውን የተከተለ ደራሲ ግን እምብዛም የለም። በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የመጽሐፍ ትረካ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነበበው ይኸው መጽሐፍ ነውና፣ አስቀድሞ ለድምፅ የተሰናዳ ገጽ የሚመጥነውን ድምፅ አገኘ ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

በዚህ መጣጥፍ የምከራከርለት ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። የአማርኛ ልብ ወለድ ተራኪ ጽሑፉ ሳይወስን የተወውን የሚወስን ሰው ነው። ስለዚህ ሊመዘን የሚገባው በውሳኔዎቹ እንጂ በድምፁ ግርማ አይደለም። ብዙው አድማጭ፣ ብዙው አሳታሚም ጭምር፣ «ድምፁ ያምራል» ብሎ ይጀምርና እዚያው ይጨርሳል። የሚያምር ድምፅ ይዞ የጠበቀውን እያላላ፣ የላላውን እያጠበቀ፣ ምፀቱን እንደ ምርቃት እያነበበ የሚሄድ ተራኪ ግን ደራሲውን ይበድላል።

አድማጩን አዳማ ላይ የማስቀምጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ፈጣን መንገድ ከአዲስ አበባ ያገናኛታል። በምሥራቅ የጅቡቲው መስመር በመተሐራና በአዋሽ በኩል ይወርዳል፤ ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው ደግሞ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አድርጎ ሻሸመኔ ይገባል። በዚህ መስመር ሰው ብዙ ሰዓት ዐይኑን ለመንገድ፣ ጆሮውን ለሌላ ነገር ሰጥቶ ይውላል። የከባድ መኪና ሹፌሩ፣ ባለ ባጃጁ፣ የልብስ ሰፊው፣ በአበባ እርሻ የምትውለው ሠራተኛ መጽሐፍ ዘርግተው ሊቀመጡ አይችሉም፤ ሊያዳምጡ ግን ይችላሉ። ትረካን «ለማንበብ የሰነፈ ሰው መጽሐፍ» የሚሉ ምሁራን ይህን ሕይወት ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። በዓለምም ቢሆን የድምፅ መጽሐፍ ታሪክ የሚጀምረው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካና በእንግሊዝ ለዐይነ ስውራን በተቀረጹ ሸክላዎች ነው። በገጽ ሊያነብ ላልቻለ ሰው የተሠራ ንባብ እንጂ ለሰነፍ የተሠራ አልነበረም።

አሁን ወደ ውሳኔዎቹ ልግባ። ከመጥበቅና ከመላላት ቀጥሎ የሚመጣው፣ እኔ ከሁሉ የሚከብድ የምለው፣ የምልልስ ንባብ ነው። በአማርኛ ተናጋሪው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ «አለ»፣ «አለች»፣ «አሉ» የሚለው ግሥ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ገጽ የሚያነብ ሰው ዐይኑ ቀድሞ ወርዶ ማን እንደተናገረ አይቶ ይመለሳል። አድማጭ ይህ ዕድል የለውም። ተራኪው ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ተናጋሪውን በድምፁ ካላሳወቀ አድማጩ አንድ ሙሉ አንቀጽ በተሳሳተ ሰው አፍ ሲሰማ ይቆይና፣ ግሡ ሲደርስ የሰማውን ሁሉ እንደገና ማደላደል ይገደዳል። ለዚህም ነው ቀረጻ ሳይጀምር መጽሐፉን እስከ ዳር ያላነበበ ተራኪ ከሁለት ከሦስት ገጽ በኋላ የሚታወቀው።

ወጋየሁ እዚህ ላይ ያሳየው ጥበብ ዛሬም ትምህርት ይሆናል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ው ጉዱ ካሳ ሲናገር ድምፁ ይለወጣል፤ ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ይለወጣል፤ ለሰብለ ወንጌል ሲደርስ ግን ወንድ ሴትን ለመምሰል ሲል የሚያወጣውን ቀጭን ድምፅ አያወጣም። ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ትንፋሹን ያሳጥራል፣ በቃ። አድማጩ ሴት ስትናገር ይሰማል። የመድረክ ተዋናይ ሆኖ ሳለ ትወናውን እዚህ ድረስ ብቻ ብሎ መግታቱ ነው ትረካውን ንባብ ያደረገው። የትወና ትልቅነት በእጁ የነበረው ፍቃዱ ተክለማርያምም በሬዲዮ ሲያነብ ከመድረኩ ይልቅ ዝቅ ባለ ድምፅ መናገርን መርጧል። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። ወጋየሁ ካረፈ ከ30 ዓመት በላይ ሲሆነው፣ ፍቃዱ ያረፈው በ2010 ዓ.ም. ነው። ድምፃቸው ግን ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል።

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ማኖሩ ሌላም ጫና ያመጣል። ሀዲስን የመሰለ ደራሲ ሐሳብ በሐሳብ ላይ ደርቦ ሲጽፍ፣ ተራኪው የአድማጩን ጆሮ አንጠልጥሎ እስከ ማሰሪያው ማድረስ አለበት። የየሐረጉ መጨረሻ ላይ ድምፁን የሚጥል ተራኪ ሐሳቡን ይቆራርጠዋል፤ አድማጩ አለቀ ሲል ገና አላለቀም። በዛሬ ቀረጻዎች ከማዳምጣቸው ጉድለቶች ይህ የበዛ ነው። ምክንያቱም ይገባኛል፦ በኢትዮጵያ ሬዲዮው «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ዘመን አንባቢው የተመደበለትን ደቂቃ ለመሙላት ተዘጋጅቶ ይገባ ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙዎች በየቤታቸው በስልክ ማይክሮፎን ይቀርጻሉ፤ ስሕተቱን የሚነግራቸው አዘጋጅም አጠገባቸው የለም። በአንጻሩ ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በ«ሸገር ሼልፍ» የሚያቀርባቸው ትረካዎችና «ተራኪ»ን የመሰሉ የስልክ መተግበሪያዎች ሥራውን ወደ ሙያ ለመመለስ የሚሞክሩ ናቸው።

ስለ ሙዚቃ ባጭሩ። ከትረካ ሥር ያለ ማቋረጥ የሚነፋ ዋሽንት የደራሲውን ስሜት ቀድሞ ይነግረናል። ምዕራፍ ሲለወጥ ይሰማ፤ ከዚያ ዝም ይበል።

ሁሉም ልብ ወለድ ለጆሮ ይመቻል ማለትም አይደለም። አዳም ረታ ሕጽናዊነት ብሎ በሰየመው ስልት የሚጽፋቸው ሥራዎች አንዱ ታሪክ ወደ ሌላው የሚሻገርባቸው፣ የግርጌ ማስታወሻም የታሪኩ አካል የሚሆንባቸው ናቸው። የግርጌ ማስታወሻን በመሐል ማንበብ ዓረፍተ ነገሩን ይሰብራል፤ መጨረሻ ላይ ማንበብ ደግሞ ትርጉሙን ያጠፋል። እኔ ሁለተኛ ድምፅ ይግባበት ባይ ነኝ፤ ዋናው ተራኪ ዝም ሲል ሌላ ሰው ማስታወሻውን ያንብብ። እስካሁን በሰፊው ያልተሞከረው ለቀረጻ የሚወጣው ወጪ ስለሚያስፈራ ይመስለኛል።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ጉዳይ አለ። አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ የሚያዳምጠው ሰው አብዛኛው አማርኛንም አፋን ኦሮሞንም የሚሰማ ነው። በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ የኦሮሞ ገጸ ባሕርይ ሲገባ፣ የኦሮሞ ቦታ ስም ሲጠራ፣ በመሐል አንድ ሐረግ በአፋን ኦሮሞ ሲመጣ፣ ይህ አድማጭ ወዲያው ይለያል። ተራኪው ብዙ ጊዜ የሚረዝመውን አናባቢ ያሳጥራል፤ በ«ዸ» የሚጻፈውን ድምፅ «ደ» አድርጎ ያልፋል። ይህ በጥቂት ልምምድ የሚታረም ነው። የማይታለፈው ሌላው ነው፦ የኦሮሞ ተናጋሪን አማርኛ ለማሳቅ ብሎ ማጣመም። ደራሲው ባልጻፈው አነጋገር ገጸ ባሕርዩን ማሳቂያ ማድረግ የንባብ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ አድማጩ ቤቱ ተቀምጦ እናቱን ሲሰድቡበት እንደ መስማት ነው። ደራሲው ራሱ አነጋገሩን ለይቶ ከጻፈው ይነበብ፤ ካልጻፈው ግን ተራኪው የመጨመር መብት የለውም።

የቦታ ስም ላይ ደግሞ ጥብቅ አቋም አለኝ። የቀድሞ ልብ ወለዶች ከተማችንን «ናዝሬት» ይሏታል፤ ስሙ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሰጠ ነው። ተራኪ ዛሬ አዳማ መባሏን አስቦ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሊያርም አይገባም። ደራሲው የጻፈው ስም የታሪኩን ዘመን ይነግረናል፤ «ዝዋይ»ና «ደብረ ዘይት»ም እንዲሁ ናቸው። ማስተካከያ ካስፈለገ በመግቢያው ላይ ይነገር።

እስካሁን ያልሁት ስለ አማርኛ መጽሐፍ ነው፤ የአፋን ኦሮሞውም ትረካ ይገባዋል። በ1984 ዓ.ም. ለአፋን ኦሮሞ የተመረጠው የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ የሚጠብቀውንም የሚረዝመውንም ድምፅ ፊደል በመደጋገም ያሳያል። ሀዲስ በነጥብ ያደረጉትን ቁቤ በየቃሉ ያደርገዋል ማለት ነው። የጋዲሳ ብሩ «ኩሳ ገዶ»ና የዻባ ወዬሳ «ጎዳኒሳ» ጮኾ ለማንበብ የተመቹ ገጾች አሏቸው። ከዚህም በላይ ሽማግሌ የሚናገረውን ዱርዱሪ (ተረት)፣ ጎረምሳ የሚያወጣውን ጌረርሳ (ፉከራ) እየሰማ ያደገ ሕዝብ ለድምፅ ሥነ ጽሑፍ አዲስ አይደለም። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ዋና መሥሪያ ቤት መቀመጫ በነበረችው አዳማ፣ የቀረጻ ክፍልና የሠለጠነ አንባቢ ባለበት፣ የአፋን ኦሮሞ ልብ ወለድ ሙሉ ትረካ ለምን እንደ አማርኛው በገበያ አይበዛም? መልሱ የችሎታ እጦት ሊሆን አይችልም።

ገንዘቡም የመልሱ አካል ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲውም ለተራኪውም መብት ይሰጣል። ያለ ፈቃድ ተቀርጾ የሚለቀቅ ትረካ ግን ዛሬም ብዙ ነው። ደራሲ ከድምፁ ሥራ አንዳች ካላገኘ፣ ተራኪም በመታወቅ ብቻ እንዲረካ ከተተወ፣ መጽሐፉን እስከ ዳር አንብቦ፣ የአካባቢውን ሰው ጠይቆ፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ የሚቀርጽ ሰው አይኖርም። የምንሰማው ጥራት የምንከፍለውን ያህል ነው።

አሳታሚዎችና የመተግበሪያ ባለቤቶች ይህን እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ፦ በስምጥ ሸለቆ የሚካሄድ ልብ ወለድ ስታስነብቡ ከአዳማ ወይም ከሻሸመኔ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አንባቢ ከተራኪው ጎን አስቀምጡ፤ የሚጠብቁትን ፊደላት በነጥብ ያመለከተ የንባብ ቅጂ አዘጋጁ፤ ከአማርኛው መጽሐፍ እኩል የአፋን ኦሮሞውን ቅረጹ። አድማጩም የሚወደውን ትረካ ይግዛ።