ቃልና ምስል በአንጎል ቀዶ ሕክምና ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1950 ብሬንዳ ሚልነር የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ በካናዳ ሞንትሪያል የዶክተር ዊልደር ፔንፊልድን የሚጥል በሽታ ሕሙማን መመርመር ጀመሩ። የግራው ቴምፖራል ሎብ የተወገደላቸው የሰሙትን ታሪክ መልሶ መናገር ያዳግታቸው ነበር፤ የቀኙ የተወገደላቸው ግን ታሪኩን እያስታወሱ ያዩትን ፊት ይረሳሉ። ስም ያለው ሥዕል በቃልም ስለሚታወስ፣ የእይታ ትውስታን ለይቶ ለመፈተን ስም የለሽ ቅርጾች ማስፈለጋቸውን ልብ ይሏል።

ሁለቱም ወገን ሲነካ ግን ምትክ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ሃርትፎርድ የሁለቱም ወገን ውስጠኛ ክፍል የተወገደለት ኤች.ኤም. አዲስ ቃልም ሆነ አዲስ ፊት መያዝ ተሳነው። በመሆኑም የዶክተር ጁን ዋዳ የንግግር ፈተና ለትውስታም ዋለ፤ አሞባርቢታል በአንገት ደም ቅዳ ተሰጥቶ አንዱ ንፍቀ አንጎል ለጥቂት ደቂቃ ሲደነዝዝ፣ የሌላው ብቻውን የማስታወስ አቅም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይመዘን ጀመር።