የቁስል ትል
የደብረ ታቦር ታሪክ ሲነሣ እኔ ሐሳቤ ከመሳፍንቱ ይልቅ ወደ ቁስለኞቹ ይሄዳል። በየካቲት 1834 ዓ.ም. ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ እዚያ ተዋጉ። ውቤ ድል አድርገው ግብር ላይ ሳሉ መማረካቸውን ታሪክ ጸሐፊዎች ነግረውናል። ሜዳ ላይ ለቀረው ቁስለኛስ ማን ጻፈለት? መቼም ከሐኪም ቀድሞ የሚደርስለት ዝንብ ነው።

ቁስሉ ተላ መባል ዛሬም ያሳፍራል፤ ደብቆት የሚኖር አለ። ትሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1917 አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ቤየር፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሰባት ቀን ሜዳ ላይ ወድቀው የከረሙ ሁለት ወታደሮች መጡለት። ቁስላቸው በትል ተሞልቷል፤ ከሥሩ ግን ጤነኛ ሥጋ አገኘ። ትሉ የበላው የሞተውን ነበር። በአፍሪካና በእስያ ያለው የክሪሶማያ ቤዚያና ዝንብ ትል ግን ሕያው ሥጋ እየቦረቦረ ይገባል።

ታዲያ በምን ይለያሉ? በኋላቸው! ትሉ የሚተነፍስባቸው ሁለት ጥቁር ነጥቦች እዚያ አሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ዙሪያቸውን የከበበው ቀለበት ለሕክምና በሚራባው ሉሲሊያ የተዘጋ፣ በቤዚያና ክፍት ነው። (ለሕክምና የሚውለው ላቦራቶሪ ውስጥ በንጽሕና ያደገው ብቻ ነው፤ ዝንብ የጣለችውን ተዉት ማለቴ አይደለም።) ጤና ጣቢያ ላይ በወረንጦ የተለቀመ ትል እንግዲህ ወደ ቆሻሻ መጣያ አይጣል፤ በሙቅ ውሃ ይገደልና አልኮል ባለው ብልቃጥ ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። ሰውየው ከየት እንደመጣ፣ ቁስሉም ስንት ቀን እንደሆነው ብልቃጡ ላይ ይጻፍለት።