ቤት ወዴት ነው? የተጓዥ ነርሶች የሙያ ፈቃድና ግብር አጭር ታሪክ

የዚህ ዓመት መጽሔት አዘጋጆች ስለ ሙያ ፈቃድ ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ መሐንዲስ በመሆኔ ስለ መሐንዲሶች እንደምጽፍ ሳይጠብቁ አልቀሩም። ሆኖም ጉዳዩን በቅርብ ያስተማረኝ የራሴ ሙያ ሳይሆን የታላቅ እህቴ የነርስነት ሥራ ነው። እህቴ ከሜሪላንድ ተነሥታ፣ በዚህ ሥራ የተለመደውን የ13 ሳምንት ኮንትራት እየተቀበለች በአሜሪካ ከግዛት ወደ ግዛት ስትዘዋወር፣ ሁለት ጥያቄዎች ይከተሏት ነበር። አንደኛው «ፈቃድሽ የየት ነው?» ሁለተኛውም «ቤትሽ ወዴት ነው?» የሚል ነው። የፊተኛውን በቀላሉ መለሰችው፤ የኋለኛው ግን ብዙ ገንዘብ አስከፈላት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን ጥያቄዎች አመጣጥ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በአሜሪካ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕዝብን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቅ ሥልጣን በአመዛኙ የየግዛቱ ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1889 በዴንትና በዌስት ቨርጂኒያ ክርክር ላይ በሰጠው ፍርድ፣ ግዛቶች ሐኪሞችን በፈቃድ ማስተዳደር እንደሚችሉ አጸና። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንዲሉ፣ ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ግዛት ለየሙያው የራሱን ሕግ ማውጣት ቀጠለ። ነርሶችን ለመመዝገብ የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣችው ኖርዝ ካሮላይና ስትሆን ጊዜው 1903 ነበር፤ በዚያው ዓመት ኒው ጀርሲ፣ ኒው ዮርክና ቨርጂኒያ ተከተሏት። እስከ 1923 ድረስ ሕጉ በግዛቶች ሁሉ ተዳረሰ። የእኛም ሙያ ከዚሁ ወራጅ ውኃ የተቀዳ ነው፤ የዋዮሚንግ ግዛት በ1907 መሐንዲሶችን በሕግ መመዝገብ የጀመረችው፣ ያልሠለጠኑ ሰዎች እየነደፉ የሚያቀርቡት የመስኖ ውኃ ካርታ ስላስቸገራት ነበርና።

የጥንቶቹ የነርስ ሕጎች የሚጠብቁት ስሙን እንጂ ሥራውን አልነበረም። ይኸውም ያልተመዘገበች ሴት «የተመዘገበች ነርስ ነኝ» ከማለት ትከለከላለች እንጂ በሽተኛ ከማስታመም አትከለከልም ነበር። ሥራውን ራሱን ያለ ፈቃድ መሥራት እንዳይቻል የሚደነግግ ሕግ በማውጣት በ1938 ኒው ዮርክ ቀዳሚ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ፈተናው ወደ አንድነት መጣ። በ1944 የጋራ ፈተና ተጀመረ፤ በ1950 ግዛቶች ሁሉ ተቀበሉት። በ1978 የየግዛቱ የነርሶች ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ በ1982ም ኤንክሌክስ የተባለው ፈተና የቀድሞውን ተካ። እንግዲህ በቴክሳስም ሆነ በዩታ የሚፈተኑት ፈተና አንድ ሆነ፤ ፈቃዱ ግን እንደ ቀድሞው የየግዛቱ እንደሆነ ቀረ። ያንኑ ፈተና ያለፈች ነርስ ድንበር በተሻገረች ቁጥር አዲስ ማመልከቻ ማስገባት፣ አዲስ ክፍያ መክፈልና መልስ መጠበቅ ነበረባት። በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ፣ ሁለቱ ቧንቧዎች በመጠን እኩል ሆነው ሳለ መገጣጠሚያው ብቻ እንደጎደለ መስመር ነበር።

መገጣጠሚያው የተገኘው ከመንጃ ፈቃድ ነው። አንድ ሾፌር በራሱ ግዛት ፈቃድ በሌላው ግዛት መንገድ ይነዳል፤ የሚገዛው ግን በሚነዳበት ሥፍራ ሕግ ነው። ምክር ቤቱ ይህንኑ ሐሳብ በ1997 ለነርሶች ተቀበለ፤ ዩታ በ1998 ቀድማ ሕግ አደረገችው፤ ጥር 1 ቀን 2000ም ስምምነቱ በሜሪላንድ፣ በቴክሳስ፣ በዩታና በዊስኮንሲን ሥራ ላይ ዋለ። ፈቃዱን የሚሰጠው ነርሷ ዋና መኖሪያዋን ያደረገችበት ግዛት ነው፤ አሠራሯን የሚገዛው ግን በሽተኛው ያለበት ግዛት ሕግ ነው። በመጀመሪያው ስምምነት የወንጀል ሪከርድ ምርመራ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ስላልነበረ፣ በ2015 ተሻሽሎ ጥር 19 ቀን 2018 በአዲስ መልክ ጀመረ። ዛሬ ከ40 በላይ ግዛቶች ሕጉን አጽድቀዋል። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክን የመሰሉ ታላላቅ ግዛቶች ግን እስከ 2025 ድረስ ከስምምነቱ ውጭ ነበሩ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት አካባቢም፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ነርስ በአንድ ፈቃድ አሌክሳንድሪያ መሥራት ስትችል፣ በመካከል ላለችው ለዋሽንግተን ከተማ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋት ነበር።

እንግዲህ የስምምነቱ ምሰሶ «ዋና መኖሪያ» የሚለው ቃል ነው። ለዚህም መንጃ ፈቃድ፣ የመራጭነት ካርድና የፌዴራል የግብር ማስታወቂያ እንደ ማስረጃ ይቀርባሉ። ችግሩ፣ የግብር ሕግም በበኩሉ «ቤት» የሚል ቃል ያለው መሆኑና የሁለቱ ትርጉም አንድ አለመሆኑ ነው።

በ1921 የወጣው የገቢ ሕግ፣ ለሥራ ከቤቱ ርቆ የሚጓዝ ሰው የምግብና የማደሪያ ወጪውን ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ እንዲቀንስ ፈቀደ። ነገር ግን ቤት ማለት ምን እንደሆነ አልተናገረም። በ1946 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ጃክሰን እየኖረ ሞቢል ለሚገኝ የባቡር ኩባንያ ይሠራ የነበረውን የፍላወርስን አቤቱታ ሲመለከት፣ ወጪው የመጣው ከግለሰቡ ምቾት እንጂ ከኩባንያው ሥራ አይደለም ሲል ፈረደበት። በ1958 ደግሞ ለፍርድ የቀረቡት የግንባታ ሠራተኞች ነበሩ። የነፒዩሪፎይ ክርክር የተነሣው በዚያችው በኖርዝ ካሮላይና፣ ኪንስተን በተባለች ከተማ ከተሠራ ግንባታ ነው፤ ሥራቸው ጊዜያዊ አይደለም ተብሎ ተረቱ። በ1973 የግብር መሥሪያ ቤቱ ሦስት መመዘኛዎችን አወጣ፤ እነዚህም በቤቱ አካባቢ ሥራ መኖሩ፣ የኑሮ ወጪው እጥፍ መሆኑና ሥፍራው አለመተዉ ናቸው። በ1992 የወጣው ሕግም ከአንድ ዓመት የሚያልፍ ሥራ ጊዜያዊ አይባልም ሲል ወሰነ።

በአገራችን ግብር ይበላ የነበረው በአዳራሽ ነበር፤ «የግብር ቤት» የሚለውን አነጋገር ስሰማ መጀመሪያ የታሰበኝ እርሱ ነው። እህቴም ከዚህ የተሻለ ዕውቀት አልነበራትም። ኪራይ ለመቆጠብ ብላ የሜሪላንድ ክፍሏን ለቀቀች፤ ዕቃዋን እኔ ቤት አስቀመጠች፤ መንጃ ፈቃዷንና የመራጭነት ካርዷን ግን አልቀየረችም። ቀጣሪው ወኪል ድርጅት የማደሪያ አበሏን ያለ ግብር ሲከፍላት፣ ቤት እንዳላት ጠይቆ ከማስፈረም በቀር ምንም አላስረዳትም። ሂሳቧ በተመረመረ ጊዜ፣ የትም እጥፍ ወጪ ስለሌላት ቤቷ የሠራችበት ሥፍራ ሁሉ ነው ተባለች፤ አበሉም እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ግብሩን ከነወለዱ ከፈለች። ለነርስነት ፈቃዷ የሜሪላንድ ሰው ነበረች፤ ለግብሯ ግን ቤት የለሽ ነበረች።

ወጪውን ራሷ እንዳትቀንስ ደግሞ በሩ ተዘግቷል። በ1986 የወጣው ሕግ የተቀጣሪን የሥራ ወጪ ከገቢው 2 በመቶ በላይ በሆነው ላይ ብቻ ወሰነው፤ በ2017 የወጣው ከ2018 ጀምሮ አገደው፤ በ2025 የወጣው ደግሞ እገዳውን ቋሚ አደረገው። ዛሬ በፌዴራል ግብር ዘንድ ለተቀጣሪ ነርስ የቀረው፣ አሠሪው በደንቡ መሠረት የሚተካው ወጪ ነው፤ ለዚያም የግብር ቤት መኖር ግድ ነው።

ይህ ነገር የነርሶች ብቻ አይደለም። እኛ መሐንዲሶች እስከ ዛሬ ከየግዛቱ ፈቃድ እንለምናለን፤ የአንድ ዓመቱም ወሰን የተወለደው ከነርሶች ሆስፒታል ሳይሆን ከግንባታ ሠፈር ነው። ስለዚህ ወደ ሩቅ ሥራ የሚሄድ የሙያ ባልደረባ ሁሉ ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን የቤት ኪራይ ደረሰኙንም ይያዝ። ሕግ ድንበርን ለሙያ ከፍቷል፤ የሰውን ቤት ግን አሁንም በሁለት ሚዛን ይመዝናል። ሁለቱ ሚዛኖች እስኪታረቁ ድረስ በመካከላቸው የሚከፍለው ሠራተኛው ነው።