ከከረን ድል እስከ ታኅሣሥ 10፦ የዓለም ጦርነት መታጠፊያና የኢትዮጵያ ነጻነት

ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ

በዋሽንግተን ከተማ በ1996 ዓ.ም. የተመረቀው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መታሰቢያ በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1941 እስከ 1945 ያለው ነው። ፖላንዳዊው ከ1939፣ ቻይናዊው ከ1937 ይነሣል። እያንዳንዱ ሕዝብ ጦርነቱን የሚቆጥረው የገዛ ቤቱ ከተቃጠለበት ቀን ጀምሮ ነውና ይህ አያስወቅስም። እኛ ግን ወረራው የተከፈተብን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሆኖ ሳለ፣ ስለ ጦርነቱ መታጠፊያዎች ስናወሳ ስታሊንግራድንና ኤል አላሜይንን ጠርተን የራሳችንን ግንባር እንዘላለን። በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለማጤን እንሞክራለን፤ ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ግንባራችን ለዓለም ጦርነቱ ያበረከተው ድርሻ ነው። በ1931 የጣልያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብላ የተቀበለችው እንግሊዝ፣ ሙሶሊኒ ሰኔ 3 ቀን 1932 ጦርነት ሲያውጅባት በአንድ ጀምበር የእኛ ተባባሪ ሆነች። ያገኘችው ግን ባዶ ሜዳ አልነበረም። በጎጃም ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና በላይ ዘለቀ፣ በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ፣ በቤጌምድር ደጃዝማች ውብነህ ተሰማ ጠላትን ከየምሽጉ እንዳይርቅ አድርገው ይዘውት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ ሲገቡ የተቀበላቸው ይኸው ተጋድሎ ነው። ለሰባት ሳምንታት ያህል የተዋጉበት ከረን መጋቢት 18፣ ምጽዋም መጋቢት 30 ተያዙ። ሚያዝያ 3 ቀን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕር ከእንግዲህ የጦር ቀጠና አይደለም ሲሉ ዐወጁ፤ በዚህም የአሜሪካ መርከቦች እስከ ስዊዝ መጓዝ ቻሉ። ኋላ በኤል አላሜይን ድል የነሣው ጦር ስንቅና ትጥቅ ካገኘባቸው መንገዶች አንዱ በዚህ ባሕር ላይ ያለፈው ነው። ከረን ላይ የተዋጋው አራተኛው የህንድ ክፍለ ጦርም ወደ ሰሜን አፍሪካ ተመልሷል።

ሁለተኛው፣ የጦርነቱ መታጠፊያና የነጻነታችን መታጠፊያ አንድ ቀን አለመሆናቸው ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ግንቦት 3 ቀን ሚኒስትሮቻቸውን ሾሙ። የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ግን አገሪቱን ከጠላት የተያዘ ግዛት አድርጎ ይመለከት ስለ ነበር ሹመቱን ተቃወመ። ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ተይዛ ውጊያው ከተፈጸመ በኋላ እንኳ የጥር 23ቱ ውል የእንግሊዙን መልእክተኛ ከሌሎች አገሮች ወኪሎች ሁሉ አስቀደመ፤ የጅቡቲውን ምድር ባቡርና ኦጋዴንንም በእንግሊዝ እጅ ተወ። ይህን ቀንበር ያቃለለው የታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ውል ነው፤ የኦጋዴን ጉዳይ ግን ከዚያም በኋላ ዓመታት ወስዷል።

በእኛ አስተያየት በእነዚህ ሁለት መታጠፊያዎች መካከል ያለው ዘመን ከሚያዝያ 27 በዓል ጀርባ ተሸፍኖ ቀርቷል። ድሉን ያመጣው ክንድ ብቻውን ውል አልጻፈም፤ በጄኔቫና በሎንዶን የተከራከረው ስደተኛም ያለ አርበኛው ክንድ የሚከራከርበት አገር ባላገኘ ነበር። ሆኖም ከድል በኋላ አርበኛ፣ ስደተኛና ባንዳ በአንድ ቤተ መንግሥት ለሹመት ሲሻሙ፣ የማን ድርሻ ምን እንደ ሆነ በቅን ልብ አልተመረመረም። በላይ ዘለቀ ውሉ በተፈረመበት በዚያው በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። አንድ መንግሥት በውጭ ሉዓላዊነቱን ባስመለሰበት ዓመት በውስጥ ከገዛ አርበኛው ጋር ለመታረቅ አልቻለም።

የውጭ ጸሐፍት ግንባራችንን በአንድ አንቀጽ ቢያልፉት የእኛ ቅሬታ ተገቢ ነው። ነገር ግን እኛ ራሳችን ድሉን ከውሉ፣ አርበኛውን ከስደተኛው ለይተን እስካልመዘንን ድረስ ቅሬታችን ጎዶሎ ነው። በተለይም ከአገር ርቆ ስለ አገር የሚጽፍ ምሁር፣ ብዕሩ የቆመው በሌላው ሰው ጽናት ላይ መሆኑን ከዚህ ታሪክ ሊያስተውል ይገባዋል።